የላይኛው ሐይቅ የደረቀ ጊዜ

የመብራት ድርጅቱ ሰዎች ውሃ ሽቅብ እናወጣለን ብለው የመጡ ጊዜ መንደሩ ሳቅ በሳቅ ሆነ። እማማ ወንፊት ያኔ ገና ጎጆ የወጣች ልጅ ነበረች፤ ቅጽል ስሙ የወጣላት ኋላ ነው። መሐንዲሳቸው መሬቱን በእንጨት እየጫረ አስረዳቸው። ከተራራው ግርጌ አንድ ሐይቅ፣ ከአናቱ መንደሩ ካለበት ጎድጓዳ ላይ ሌላ ሐይቅ፣ በመሀላቸው ተራራውን ሰንጥቆ የሚያልፍ ቧንቧ። ሌሊት ከተማው ሲተኛ መብራት ይተርፋል፤ በተረፈው መብራት ውሃው ወደ ላይ ይገፋል። ቀን ሰዉ ምድጃውን ሲለኩስ ውሃው ይለቀቅና ወርዶ መልሶ መብራት ይሆናል።

«ታዲያ ምን አተረፋችሁ? ወስዶ መመለስ አይደል?» አለ የእማማ ወንፊት ባል።

«ጊዜ ነው የምናተርፈው።»

«ጊዜማ እኛም ጋ ሞልቷል» ብሎ ሰዉን አሳቀው። ሳምንት ሳይቆይ ግን እሱም ዋሻ ቆፋሪ ሆኖ ተቀጠረ።

መንደሩ ለሐይቁ ሲባል ሲነሳ ድርጅቱ መቃብሮችን በራሱ ወጪ አዛወረ። የድርጅቱ ጸሐፊ ማን መቃብር እንዳለው ቤት ለቤት እየዞረ ሲጠይቅ እሷ አልጋ ላይ ነበረች። የመጀመሪያ ልጇን፣ ሴት ልጅ፣ ወልዳ ሳምንት ሳይሞላት ሞታባታለች። ባሏ ብቻውን ታቅፎ ወስዶ ጓሮ ቀብሯት ነበር፤ ድንጋይ እንኳ አላቆመባትም። ደጅ ላይ ቆሞ ለጸሐፊው «እኛ መቃብር የለንም» ሲለው ከአልጋዋ ሰማችው። ክፋት አልነበረበትም፤ የጨቅላ ቀብር ከመቃብር ይቆጠራል ብሎ አላሰበም። እሷም አቅሙ ስላልነበራት ዝም አለች። ተሽሏት በእግሯ መሄድ ስትጀምር ጎድጓዳው በሽቦ ታጥሮ ጥበቃ ቆሞበት ነበር። ከዚያ ውሃው ገባ።

«የቱ ጋ ነው?» ትለዋለች።

«አንድ ቀን መድረቁ አይቀርም፣ ያኔ አሳይሻለሁ። ዓይኔን ጨፍኜ አገኘዋለሁ።»

ሌላ ልጅ አልመጣም። እሷም ከላይኛው ሐይቅ ላለመራቅ ብላ ሥራ ጠየቀች። ቧንቧው አፍ ላይ ቅጠልና ላስቲክ የሚያስቀር የብረት ወንፊት አለ፤ ውሃው ከመለቀቁ በፊት እሱን እጀታው በረዘመ መንሽ ማጽዳት የሷ ድርሻ ሆነ። ባሏ ከዋሻው በኋላ ታች ማሽን ቤት ግራሶ የሚቀባ ሠራተኛ ሆኖ ቀረ። «እነዚህ ባልና ሚስት ውሃ ነው የሚቀባበሉት» እያሉ ሠራተኞቹ ይቀልዱባቸው ነበር።

ድርጅቱ ወፈረ። የጡብ ቤቶች ሠራ፣ ክበብ ከፈተ፣ የኳስ ቡድን አቋቋመ። ኋላ ለሌላ ባለቤት ተሸጠና የበሩ ጽሕፈት ተፍቆ ሌላ ስም ተጻፈበት፤ ማሽን ቤቱም በራሱ የሚሠራ ሆነና ሰው አልባ ሆነ። ውሃው ግን በየቀኑ ይወርዳል፣ በየሌሊቱ ይመለሳል። በወረደ ቁጥር ዳር ዳሩ ይታይና ጓሯቸው የነበረበት ጥልቁ ጋ ሲደርስ ይቆማል። እሷም መንሿን ተደግፋ ታየዋለች። ማታ ቤት ስትገባ ባሏን ታኮርፈዋለች፤ ለምን እንደሆነ ሁለቱም ያውቁታል።

በስተርጅና ባሏ መርሳት ጀመረ። መጀመሪያ ጫማውን ያኖረበት ጠፋው፣ ቀጥሎ የቤቱ መንገድ። በዚያው ሰሞን ታሪካቸውን የሚያውቀው የድርጅቱ ፎርማን መጣ።

«እማማ፣ ሐይቁን አድርቀን ወለሉን አስፋልት ልናለብሰው ነው። ጠዋቱን ለእናንተ ትቼዋለሁ፣ ማሽኑ ሳይገባ ውረዱ።»

«ተባረክ ልጄ።»

ባሏን የድርጅቱን ካፖርት አልብሳ፣ ቁልፎቹን ራሷ ቆልፋለት፣ አካፋ ይዛ ወረዱ። የቤቱ መሠረት እንኳ በደለል ተውጧል፤ ዙሪያው አንድ ዓይነት ግራጫ ጭቃ ነው።

«የቱ ጋ ነው?»

«እዚህ» አለ ፈገግ ብሎ። ቆፈረች፤ ጭቃ ብቻ።

«አንተ፣ እስቲ አስተውል። ጓሯችን፣ አጥሩ ሥር።»

«አዎ፣ አጥሩ ሥር» ብሎ ሌላ ቦታ አሳያት። ቀጥሎም ሌላ። እሷን ደስ ለማሰኘት እንደሆነ ሲገባት አካፋውን ጣል አድርጋ ተቀመጠች። አጠገቧ ቁጢጥ አለ።

«ምንድን ነው የጠፋብሽ?»

«ልጅቷ ናት።»

«የማን ልጅ?»

«የኛ።»

ፊቱ በራ። «ልጅ አለችን እንዴ? ታዲያ ጥሪያታ» ብሎ ዙሪያውን ማየት ጀመረ።

በምን ስም ትጥራት? ስም ሳይወጣላት ነው የሄደችው። ዕድሜዋን ሙሉ ያኮረፈችውን ሰው አየችው፤ እዚያ የለም። ያ ሰው የቀብሩን ቦታ ይዞ ሄዷል፣ የሚኮረፍ እንኳ አልቀረላትም። አፍንጫውን በነጠላዋ ጠረገችለትና አስነሳችው።

ፎርማኑ ከዳሩ ላይ ይጠብቃቸው ነበር። «አገኛችሁት እማማ?»

«አላገኘነውም። እንግዲህ ሁሉም ቦታ ላይ ቀስ ብላችሁ ሂዱበት፣ ልጄ።»

«እሺ» አለ ዓይኑን ሰብሮ። ከሐይቁ አፍ ሳይርቁ የመዳመጫው ሮለር ሞተር ሲነሳ ሰሙ። ባሏ ዞር ብሎ ለሾፌሩ እጁን አውለበለበለት፤ እሷ አልዞረችም።