ከአረንጓዴው በር ፊት ለፊት

መኪና መንዳት አስተማሪው ያን ሰሞን ተማሪዎቹን ሁሉ በአንድ መንገድ ይወስዳቸው ጀመር። ምክንያት ነበረው። አከራያቸው ልጇን ልትድር ስለሆነ «ቤቱን ልቀቁልኝ» ካለች ወዲህ፣ እሱና ሚስቱ የሚገዛ ቤት ፍለጋ ላይ ናቸው። ደላላው በጠየቁት ቁጥር «ገበያው እሳት ነው! ዛሬ ካልገዛችሁ ነገ አታገኙትም» ይላቸዋል። አስተማሪው ግን መስታወት ሳያይ መስመር የማይቀይር ሰው ነው። ገበያውን በገዛ ዓይኑ ሊያጠና ቆረጠ፤ ትርፍ ጊዜ ስለሌለው ደግሞ በሥራ ሰዓት።

ተማሪው መሪ ጨብጦ ሲያልበው፣ እሱ በጎን መስኮት «የሚሸጥ ቤት» የሚል ጽሑፍ ይለቅማል። የትኛው ማስታወቂያ ቶሎ እንደወረደ፣ የትኛው ተሰቅሎ ፀሐይ እንዳደበዘዘው ያውቃል። የደላላው እሳት እዚህ ሰፈር አልደረሰም፤ ሻጭ ሞልቷል፣ ገዢ የለም። ከሁሉም ልቡን የወሰደው አረንጓዴ በር ያለው ቤት ነው። ዋጋውን አስጠየቀ። ያጠራቀሙት ልክክ አለ፤ ሳንቲም አይተርፍም።

ሌላ ሰው እንዳይቀድመው በየቀኑ ማየት ፈለገ። ስለዚህ ወደኋላ እየነዱ መኪና ማቆምን ተማሪው ሁሉ እዚያው በር ፊት ይማር ጀመር።

«መምህር፣ በዓለም ላይ ሌላ አጥር የለም እንዴ?» አለችው ከተማሪዎቹ አንዷ፣ ነርስ ናት።

«ይኼን ከቻልሽ የትም አያቅትሽም። አዙሪ!»

ቅዳሜ ሚስቱን ይዞ ቤቱን ሊያይ ገባ። የቤቱ ባለቤት በረንዳቸው ላይ የሚውሉ ጡረተኛ ሽማግሌ ናቸው። ሚስቱ የኩሽናውን መስኮት ከፈተች፣ ዘጋች፣ ደግማ ከፈተች። ወደደችው ማለት ነው።

«ዋጋው ግን ጨምሯል፣ ልጆቼ» አሉ ሽማግሌው።

«ለምን ጋሼ?»

«ፈላጊው በዛ! እዚህ ቁጭ ብዬ ከአጥሩ በላይ አያለሁ። በየቀኑ መኪና ይመጣል፣ በየቀኑ ሌላ ሰው። ትናንት አንዲት ልጅ ወደፊት ሄደች፣ ወደኋላ ተመለሰች፣ እንደገና ሄደች፤ ቤቱን ጥላው መሄድ አቃታት። አንዱማ ላቡን እየጠረገ ነበር።»

ሚስት ባሏን አየችው። እሱ ጣሪያውን ያጠና ጀመር።

«አንተ፣ ትነግራቸዋለህ ወይስ ልንገራቸው?»

ሳይናገር ልምምዱን ወደ ሌላ መንገድ ቢወስደው ዋጋው በራሱ ጊዜ እንደሚወርድ ገብቶታል። የሚስቱ ዓይን ግን መሹለኪያ አልሰጠውም። የሚመጡት ሁሉ ተማሪዎቹ መሆናቸውን ተናገረ።

«ስንቱን ገዢ አይቻለሁ» ብለው ሳቁ ሽማግሌው፤ «እንዲህ ያለ የዋጋ ማስወረጃ ግን አልገጠመኝም!»

ይዟቸው ወጣ። መኪናው በሩ ላይ ቆሟል፤ ከፊትም ከኋላም፣ ከበረንዳ ለሚያይ አጥሩ በሚከልለው ዝቅ ያለ ቦታ ላይ፣ «ለማጅ» የሚል በቀይ ተጽፎበታል። ሽማግሌው ጠጋ ብለው አነበቡት። ከኋላቸው ተከትለው የወጡት አሮጊት ሚስታቸው በሳቅ ፈረሱ።

«አላልኩህም? ያቺ ልጅ መንዳት አትችልም አላልኩህም?»

ከዚያ ወደ አስተማሪው ዞሩ። «ስማ ልጄ፣ በድሮው ዋጋ ውሰዱት። እኔን ግን መንዳት ታስተምረኛለህ። ልጃችን ዘንድ ልንሄድ ነው፤ በዚህ ሰውዬ ዓይን ተማምኜ መኪና ውስጥ አልገባም።»

ሽማግሌው አጉረመረሙ፤ ግን ፈረሙ።

አስተማሪውና ሚስቱ ዕቃቸውን ባስገቡ ማግስት የአሮጊቷ ትምህርት ተጀመረ። ቦታው ያው ነው። ወደኋላ አሉ፣ ፍሬኑን ሳቱት፣ አረንጓዴውን በር ጓ አደረጉት።

አስተማሪው ዘሎ ወረደ። የጎበጠውን ቆርቆሮ ዳሰሰና፣ እንደ ልማዱ የቤቱን ባለቤት ይቅርታ ሊጠይቅ አንኳኳ።

ሚስቱ ከፈተችለት።