የጃንጥላው ተወዳዳሪና መሪጌታ እንዳለ

ሰሞኑን ታክሲ ውስጥ ሬዲዮ ተከፍቶ፣ አንድ ሰው የባሕር ማዶ ፕሬዚዳንት ምርጫን በከዋክብት ሲተነትን ሰማሁ። የአያቶች ዘመን ዞሮ በልጅ ልጆች ይደገማል ይላል። ሳቄ መጣ። መሪጌታ እንዳለ ይህን ሁሉ በጃንሆይ ጊዜ፣ መርካቶ ውስጥ፣ በአንድ እፍኝ ባቄላ ጨርሰውት ነበር።

መሪጌታ ከበርበሬ በረንዳ ጀርባ፣ እኛ ግቢ ተከራይተው የሚኖሩ ኮከብ ቆጣሪ ነበሩ። ጋቢያቸው በርበሬ በርበሬ ስለሚል አጠገባቸው ስቀመጥ ያስነጥሰኝ ነበር። የፓርላማ ምርጫ በየአራት ዓመቱ፣ በዘመነ ማቴዎስ ስለሚውል፣ ማቴዎስ በገባ ቁጥር በራፋቸው በተወዳዳሪ ይሞላል። የሰውየውን፣ የእናቱንና የአያቱን ስም ጠይቀው፣ ፊደሉን በባቄላ ቆጥረው፣ አሥራ ሁለት አሥራ ሁለቱን እየገደፉ ከተረፈው ኮከቡን ያወጣሉ። አንዳንዱ ታዲያ መተት ፈርቶ በእናቱ ስም ፈንታ የአክስቱን ይሰጣቸዋል። ለዚህ ይሁን ለሌላ፣ ትንቢታቸው አንድም ቀን ሰምሮ አያውቅም። ሰፈሩ "መሪጌታ ትወድቃለህ ካሉህ ደግስ" እያለ ያላግጥባቸዋል።

"ቆይ ብቻ፣ አንድ ቀን አፋችሁን አስይዛችኋለሁ!" ይሉ ነበር እየተቆጡ። ያቺን ቀን እንዴት እንደሚናፍቋት ሁላችንም እናውቅ ነበር።

ጨርቅ ነጋዴው አባቴም በተራው ለፓርላማ ተወዳደረ። የምርጫ ምልክቱ ጃንጥላ ነበር። እኔን ከጎኑ አስቀምጦ የእናቱን ስም ሳይደብቅ ነገራቸው።

"ተሰማ ልጄ፣ አይሆንልህም" አሉት ባቄላውን እያዩ። "አያትህም በዚሁ ኮከብ ሹመት ፈልገው ቀርቶባቸዋል። ተው ይቅርብህ።"

አባቴ ከት ብሎ ሳቀ። "እርስዎ እንዲህ ካሉማ አለፍኩ!"

ክፉኛ ተሸነፈ። መንገድ ላይ ሲያዩት በፀሐይ ጃንጥላ የሚዘረጉበት አልጠፉም። ሱቁን ዘግቶ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኛ። እናቴ እህል ማስቀመስ አቃታት። "እየተነገረኝ! መሳቂያ ሆኜ ቀረሁ" ይላል ደጋግሞ።

አንድ ጠዋት የሰፈሩ ነጋዴዎች ግር ብለው ግቢያችን መጡ። "መሪጌታ፣ ተሰማን አስጠንቅቀውት ነበር የሚባለው እውነት ነው?"

እኔ ደረቴ ተነፋ፤ ያቺ ቀን መጣች አልኩ። መሪጌታ የኛን በር አየት አድርገው ጋቢያቸውን አጣፉ።

"ማን፣ እኔ? ያልፋል ነው ያልኩት። ባቄላው ዘንድሮም አሞኘኝ።"

ግቢው በሳቅ ፈረሰ። አባቴ ነጠላውን እንደነገሩ ጣል አድርጎ፣ ጺሙ አድጎ፣ ከቤት ወጣ።

"ኧረ ይወድቃል ብለውኛል! ልጄ ትመስክር!"

ማን ይመነን! ሽማግሌውን ላለማሳፈር ነው አሉና ጭራሽ አባቴን በጨዋነቱ አመሰገኑት። አባቴም አብሯቸው ወጣ፤ ሱቁን ከፈተ።

መሪጌታ ሲሞቱ ለቅሶው ላይ ሳይቀር "አንዴም ሳይሰምርላቸው" እያሉ በፍቅር አነሷቸው። አባቴ አንገቱን ደፍቶ አለቀሰ። እሱም ካለፈ ወዲህ፣ መሪጌታ እንዳለ አንድ ጊዜ ልክ እንደነበሩ የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ።