የቁልፍ ሠሪው ልጅና የማቆያው በር

ቁልፍ ሠሪው ሰው አያምንም፤ የሚያምነው ብረት ብቻ ነው። የሦስት ዓመት ልጁን ድንቡሼን ሕፃናት ማቆያ ሊያስመዘግብ የሄደ ዕለት፣ አልጋውንም መጫወቻውንም ሳያይ የግቢውን በር መወርወሪያ በጣቱ ነካ ነካ አደረገና፣ «ይሄንንማ ድመትም ትከፍተዋለች» አለ።

«እኔ የምጠብቀው ልጆቹን እንጂ በሩን አይደለም» አሉት ሞግዚቷ፤ ጉልበታቸውን የሚያማቸው፣ ዓይናቸው ግን የጭልፊት የሆነ ባልቴት ናቸው።

«እትዬ፣ ዓይን ያንቀላፋል፤ ብረት አያንቀላፋም።»

በማግስቱ ልጁንም መሣሪያውንም ይዞ መጣና፣ ተጭነው፣ ወደ ላይ አንስተው፣ ወደ ግራ የሚያዞሩት አዲስ መቆለፊያ ገጠመ። ሞግዚቷ ሦስቴ ሞክረው አቃታቸው። ዳቦ አምጪውም ውጭ ተገትሮ ቀረ።

ቁልፍ ሠሪው ደረቱን ነፍቶ፣ «እስቲ አሁን የሚከፍት ልጅ ካለ ይምጣ!» አለ።

አፉን ሳይዘጋ ከኋላው ቀጭ የሚል ድምፅ ሰማ። ድንቡሼ ተጭና፣ አንስታ፣ አዙራ በሩን ከፍታዋለች። ለካስ ሱቁ ውስጥ ሥራ ሲበዛበት፣ ዝም እንድትልለት የሚሰጣት መጫወቻ የዚሁ ዓይነት አሮጌ መቆለፊያ ኖሯል።

አባት ክው አለ። ሞግዚቷ ግን ልጅቷ ገና ወጣ ልትል ስትል የቀሚሷን ጫፍ ይዘዋታል።

«አንተ፣ ብረትህስ ከአንተ ይልቅ ለልጅህ ይታዘዛል» አሉት። «በል አሮጌውን መወርወሪያ ከፍ አድርገህ ግጠምልኝ፤ የቀረውን ለዓይኔ ተወው።»

ገጠመው። ሲወጣ እንደ ልማዱ ነካ ነካ ሊያደርገው እጁን ዘረጋና ተወው። ሞግዚቷ እሱንም እያዩት ነበራ።