የሐዘን ማርሹ ስህተት

ባልደረቦቹ «ጋሽ አንድ ሁለት» ይሉታል። ሲራመድም፣ ሲበላም፣ ደረጃ ሲወጣም በልቡ ስለሚቆጥር ነው። በፖሊስ ማርሽ ባንድ ውስጥ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ የማርሽ ዜማ ሲደርስ ኖሯል። ሰው በየአደባባዩ በእሱ ዜማ እግሩን ያነሳል፤ የደረሰው ማን ነው ብሎ የጠየቀ ግን የለም። እሱም ጉዳዬ ብሎት አያውቅም።

ሚስቱ ትስቅበት ነበር። «አንተ የምትጽፈው ሁሉ እግር አለው። እስቲ አንድ ቀን ቁጭ ተብሎ የሚሰማ ነገር ጻፍልኝ» ትለዋለች።

«እሺ» ይላታል። አልጻፈላትም።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት ልብስ ስታሰጣ ወደቀች፤ ሐኪም ቤት ሳትደርስ አረፈች። ባንዱ ማንም ሳይጠራው ለቀብሯ መጣ። የተጫወተውም እሱ በወጣትነቱ፣ ለማያውቀው ጄኔራል ቀብር፣ በአንድ ከሰዓት የጻፈውን የሐዘን ማርሽ ነበር። ሌላ ጊዜ ከፊት ቆሞ የሚመራው እሱ ነው። ያን ቀን ግን ከመቃብሩ ዳር፣ ባሪቶን የሚባለውን ትልቅ ጥሩንባ ከሚነፋው ባልደረባው ጎን ቆመ። መሃል ላይ አንድ ድምፅ ለጆሮው ሻከረው። ሲደገምም ያው። አፈሩ ሲመለስ እሱ ገና ያንን ድምፅ ይጠብቅ ነበር።

ከቀብር መልስ ሴት ልጁ ክንዱን ያዘችው። «አባዬ፣ ጣትህ ሲንቀሳቀስ አይቻለሁ። እማዬን እየቀበርን ትቆጥር ነበር?»

«ባሪቶኑ ተሳስቷል» አላት።

ክንዱን ለቀቀችው።

በሦስተኛው ቀን ሥራ ገባ። ባሪቶን ነፊው ደንግጦ ብድግ አለ። «ጋሼ፣ ምነው ጥቂት ቀን ቢያርፉ?»

«የሐዘን ማርሹን ወረቀት አምጣልኝ።»

ሰውየው የነፋው የተጻፈውን ነበር። ስህተቱ የራሱ የደራሲው ነው፤ ድምፁን በግማሽ ዝቅ የምታደርገውን ምልክት ዘሏታል። ሃያ ስድስት ዓመት በስንቱ ቀብር ላይ እንዲሁ ሲነፋ ኖሯል፤ ከፊት ሆኖ ሲመራ ከበሮው ስለሚውጠው እሱም አልሰማውም። እስክሪብቶ አወጣና ምልክቷን አስገባ። አሁን ያመኛል፣ ወይም ይቀለኛል ብሎ ጠበቀ። ምንም አልመጣም።

ከሳምንት በኋላ ለድልድይ ምረቃ የሚሆን ማርሽ ታዘዘ። በአራት ቀን ጽፎ አስረከበ፤ አለቃው ወደደለት።

እሁድ ልጁ መጥታ ምሳ አቀረበች። «አሁንስ እንዴት ነህ?»

«ደህና ነኝ።»

«እውነቱን እንጂ፣ አባዬ።»

ትንሽ አሰበ። «ምንም አይሰማኝም፣ ልጄ። ሲቀመጡበት እንደ ደነዘዘ እግር ነው።»

«ይለቅሃል» አለችው።

«ይሆናል» አለና ወንበሩን ወደ ገበታው ሳብ አደረገ። አብረው በሉ።