ስትወድቅ ጥፋቱ ያንተ ነው

ፈሪ ነኝ። አስቀድሜ ብናገረው ይሻላል። የምፈራው ጅብ ወይም መብረቅ አይደለም፤ የሠራሁትን ነገር ሰው ቁጭ ብሎ ሲመረምረው ነው።

አባቴ ደብረ ታቦር ውስጥ የቅኔ መምህር ነበሩ። ተማሪዎቻቸው አስበው የቆጠሩትን ቅኔ ፊታቸው ቆመው ሲያሰሙ፣ እኔ በልጅነቴ አጥር ተደግፌ የአባቴን ፊት እመለከት ነበር። ቅኔው ካማራቸው «ይበል» ይላሉ። ካላማራቸው ዝም ነው። ያ ዝምታ ለሌላ ሰው ቢሆንም እኔ ከአጥሩ ሸሽቼ እደበቅ ነበር። ቅኔ ደግሞ ትናንት የተባለው ዛሬ አይደገምም፤ በየቀኑ አዲስ ይዞ መቅረብ ነው።

ምናልባት ከዚያ ወርሼው ይሆናል፣ አድጌ የሠራሁት የኮምፒውተርና የስልክ ጌምም አይደገምም። አንድ ሰው ከድንጋይ ድንጋይ እየዘለለ የጉናን ተራራ ይወጣል። አንዴ ከወደቀ ከግርጌው ይጀምራል፤ ሲጀምር ግን ተራራው ሌላ ነው፤ ድንጋዩንም ገደሉንም ኮምፒውተሩ በዘፈቀደ እንደ አዲስ ይደረድረዋል። ታላቅ እህቴ ከዓረብ አገር በላከችልኝ ላፕቶፕ፣ አስተማሪነቴን ትቼ፣ ሁለት ክረምት አጎንብሼ ሠራሁት። ለቡሄ እለቅቀዋለሁ ብዬም አስነገርኩ።

ቡሄ ሊደርስ ሳምንት ሲቀረው ስሞክረው ሰውዬው አንድ ገደል አፋፍ ላይ ቆመ። ማዶ ያለው ድንጋይ ራቀብኝ። ለካሁት። ምንም ያህል ቢለማመድ ማንም ሰው አይሻገረውም። ኮምፒውተሩ ሲደረድር አልፎ አልፎ መንገድ የሌለው ተራራ ይሠራ ኖሯል። ሦስት ቀን ታገልኩት፤ ቀነሰ እንጂ አልጠፋም። ተጫዋቹ ይዘላል፣ ይወድቃል፣ ተራራው ይቀየራል፤ ማን ያውቅብኛል? ራሴን እንዲህ አባበልኩና ለቀቅሁት።

አዲስ አበባ ውስጥ ጌም እየተጫወተ የሚተች፣ ብዙ ሰው የሚከታተለው ወጣት አለ። የኔን ጌም ሲጫወት የቀረጸውን ቪዲዮ ከፈትኩ። ወደ ገደል በቀረበ ቁጥር ርቀቱን በዓይኔ እለካለሁ። ይወድቃል፣ ይስቃል፣ ደግሞ ይጀምራል። በመጨረሻ ወንበሩን ተደገፈና፣

«ጨካኝ ጌም ነው» አለ። «ግን አያጭበረብርም። ስትወድቅ ጥፋቱ ያንተ ነው።»

ሌላ ሰው ቢሆን በደስታ ይዘል ነበር። እኔ ግን ቪዲዮውን ዘጋሁት።

ሌሎቹ ተቺዎችም ያችኑ ቃል እየተቀባበሉ አወደሱኝ። አንዱ ብቻ «አንዳንዱ ቦታ መሻገሪያ የለውም፤ ከንቱ ልፋት ነው» ብሎ ጻፈ። ሰው ሁሉ ወረደበት። «አልቻልኩም በል»፣ «መሻገሪያ ያጣው ጣትህ ነው» አሉት። አንድም ሳላስቀር አነበብኩት። እውነቱን የተናገረው እሱ ብቻ መሆኑን በዓለም ላይ የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። በማግስቱ ጽሑፉን ከገጹ ላይ አነሣው። እኔም ዝም አልኩ። ከዚያ ወዲያ ስልኬ በጮኸ ቁጥር «ታወቀብኝ» እያልኩ መደንገጥ ሆነ ሥራዬ።

በዚያው ሰሞን እህቴ ውሏ ሳያልቅ ከዓረብ አገር ተመለሰች። ለምን እንደመጣች ሲጠይቋት «አልቻልኩበትም» ትላለች፤ ሌላ ቃል አትጨምርም። ከሰዓት ዝናቡ ሲይዝ መስኮት ሥር ተቀምጣ በስልኳ የኔን ጌም ትጫወታለች። አንድ ቀን፣ ጉና ጉም ለብሶ ከመስኮቱ በጠፋበት ሰዓት፣ ጌሙ ውስጥ ከዚያ በፊት ደርሳ የማታውቀው ከፍታ ላይ ወጣች። ጫፉ ሊታያት ትንሽ ሲቀር ቆመች።

«እስቲ እየው፣ ይኸን ገደል እንደምን አድርጌ ነው የምዘለው?»

በትከሻዋ ላይ አጎንብሼ አየሁት። መለካት አላስፈለገኝም፤ ያው መሻገሪያ የሌለው ገደል ነበር። እዚያው ላይ መናገር እችል ነበር። አፌ ግን ሌላ ተናገረ።

«ተንደርድረሽ ሞክሪው፣ እታለም።»

ተንደረደረች። ወደቀች። ስልኩን ጭኗ ላይ አስቀመጠችው።

«አይ እኔ! ሁልጊዜ ልደርስ ስል ነው የሚያቅተኝ። መንገዱማ አለ፤ የማልረባው እኔ ነኝ እንጂ።»

አባቴ መደቡ ላይ ጋቢያቸውን ተከናንበው ተቀምጠው ነበር። ዓይናቸው ደክሟል፤ ጆሯቸው ግን አልደከመም።

«ለመሆኑ አዋቂዎቹ ሥራህን ምን አሉት?» ሲሉ ጠየቁኝ።

«ይበል ብለውታል፣ አባባ።»

«ይበል የተባለ ሰው ድምፅ ይህ አይደለም» አሉና ቀጠሉ። «እኔም በጉብዝናዬ ወራት ለአንድ ክብረ በዓል ቅኔ አሰምቼ ነበር። ሰም ብቻ ነው፤ ወርቅ የለውም። ጊዜ አጥሮብኝ ነው። ዜማዬ አማረና ሁሉም ይበል አለኝ፤ ያልገባውም አላዋቂ እንዳይባል ይበል አለ። እኔ አውቀው ነበር፤ ዝም አልሁ። አብሮኝ የሚማር ጓደኛዬ ወርቁን አገኛለሁ ብሎ ሲያወጣ ሲያወርድ ሰነበተና፣ ‘ለእኔ አልተገለጠልኝም’ ብሎ አኮፋዳውን አንግቶ ወደ አገሩ ገባ። የሌለ ነገር እንደምን ይገለጥለት ልጄ? ሮጬ አልመለስሁትም።»

ምን እንደሠራሁ አልጠየቁኝም። ቢጠይቁኝ ይቀለኝ ነበር። ሄጄ እህቴ አጠገብ ተቀመጥኩ።

«እታለም፣ ያ ገደል መሻገሪያ የለውም።»

«ሰዉ ያልፈዋል አይደል?»

«የሚያልፉት ሌላውን ነው። አንዳንዴ እንዲህ ያለ ይመጣል። ይኸን ማንም አያልፈውም። ስለቅቀው አውቅ ነበር።»

«አሁን ሞክሪው ስትለኝም?»

«አውቅ ነበር።»

ትቆጣለች ብዬ ጠበቅሁ። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። መስኮቱን እያየች፣ ስለዚያ አገር ለመጀመሪያ ጊዜ ተናገረች።

«የነበርሁበት ቤት እመቤቲቱም እንዲህ ነበረች። አንድ ሰው በቀን የማይጨርሰውን ሥራ ትሰጠኝና ሲመሽ መጥታ ‘ካንቺ በፊት የነበረችው ትጨርሰው ነበር’ ትለኛለች። እኔም አምኛት ስሮጥ ኖርሁ።»

ከማንም ትችት ይህ ከበደኝ። ያን ሁሉ ቀን ስፈራ የነበረው ሰው እንዳያዋርደኝ ነበር፤ እኔ ሰው ላይ ያደረግሁት አንድም ቀን አላስፈራኝም።

ዝናቡ ሳያባራ ጻፍኩ። በመጀመሪያ ጽሑፉን ላነሣው ተቺ፤ ልክ እንደነበረና ሲሰድቡት እያወቅሁ ዝም እንዳልኩ። ቀጥሎ ለሁሉም፤ አንዳንዱ ተራራ መንገድ እንደሌለው፣ ስለቅቀውም አውቅ እንደነበር። የፈራሁት ሁሉ መጣ። ያ ያወደሰኝ ወጣት «አታለለን» ብሎ አዲስ ቪዲዮ ሠራ፤ ሰውም እኔ ላይ ወረደብኝ። ጌሙን እስካስተካክለው ሁለት ወር ፈጀብኝ፤ የተመለሰው ተጫዋች ጥቂት ነው። ዛሬም ስልክ ሲጮህ እደነግጣለሁ።

እህቴን አሁንም ሰው ይጠይቃታል፤ ለምን ውልሽን ሳትጨርሺ መጣሽ ይሏታል። «አልቻልኩበትም» ማለቱን ትታዋለች። «የሚቻል አልነበረም» ትላለች።