የክረምቱን ሥዕል ታቅፌ ወደ መቀሌ

ደሴ፣ ሐሙስ ንጋት

ገና ጎሕ ሳይቀድ የጭነት መኪናው ጋቢና ውስጥ ነኝ፤ ከሹፌሩ ከሁሴን ጎን። ጭኔ ላይ በሸራ የጠቀለልሁት አለ፦ ሥዕል የቀረጽሁበት የዋንዛ ሳንቃና ከሱ ላይ ትናንት ማታ ያተምሁት ወረቀት። ክረምት በገጠር ነው። ዝናብ የሚያንጠባጥብ ጎጆ፣ ጥግ የታሰረች ጥጃ፣ እሳት ዳር ሚስቱን የሚያጎርስ ገበሬ። መቀሌ ያለው መምህር ኪዳነ ለትምህርት ቤቱ ግድግዳ አዞኝ ነው። ከወደደው ዐሥር ሌላ ያዘኛል፤ ካልወደደው በርና መስኮት ወደ መጥረቡ እመለሳለሁ። አናጢነትን አልጠላም፤ ነፍሴ ያለችው ግን ሥዕሉ ላይ ነው።

ኮረም፣ ከሰዓት በኋላ

ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ጉሙ መንገዱን ስለዋጠው ሁሴን መኪናውን አቆመ። ሻይና ዳቦ ይዘን ተቀመጥን።

«እስቲ ያቀፍካትን ሙሽራ አሳየኝ» አለኝ እየሳቀ።

ፈታሁለት። ወረቀቱን ወደ ብርሃን አዙሮ አየው።

«ወላሂ ግሩም ሥራ ነው! ግን ወንድሜ፣ ሰውዬህ በግራ እጁ ነው እንዴ የሚያጎርሰው?»

ክው አልሁ። ሳንቃ ላይ የተቀረጸ ሲታተም ይገለበጣል። ይህን ስለማውቅ ከሥዕሉ ሥር ያለውን ጽሑፍ ገልብጬ ቀርጬዋለሁ። ፊደሉን ገልብጬ ሰውየውን ረሳሁት! ኧረ ጉድ፣ በግራ የሚያጎርስ አባት፣ ያውም ለተማሪ ልጆች!

«እንመለስ እንዳትለኝ» አለ ሁሴን። «ዳቦህን ብላ፤ አላህ ያውቃል።»

መቀሌ፣ ዓርብ

ማይጨው አድረን፣ ቁሓን አልፈን ወደ ከተማው ስንወርድ ዝናቡ አባርቷል። የድንጋይ ቤቶቹ ታጥበው ያበራሉ። ሴቶች መንገድ ዳር በለስ ይሸጣሉ። ሁሴን አንዱን ልጦ ሰጠኝ፤ ሳልቀምሰው በእጄ እንደያዝሁት ደረስን።

መምህር ኪዳነ ቤቱ ደጃፍ ላይ «እንቋዕ ደሓን መጻእካ! እንኳን ደህና መጣህ!» ብሎ አቀፈኝና አስገባኝ። ወረቀቱን ሲዘረጋ ፊቱ በራ፤ ወዲያው ጠቆረ።

«ውይ! በግራ? ይህን ለልጆች እንዴት አሳያለሁ?»

«ጥፋቱ የኔ ነው። ሌላ እቀርጻለሁ» አልሁ።

ጥግ ላይ ጋቢ ተከናንበው የተቀመጡት አባቱ፣ አቦይ ገብረ፣ «አምጣው እስቲ» አሉ። ከጋቢው ሥር የወጣው ግራ እጃቸው ብቻ ነው፤ ቀኙን በጣሊያን ጦርነት አጥተውታል። ሥዕሉን ወደ ዓይናቸው አስጠግተው አዩት።

«እጄን ካጣሁ ወዲህ ሰው አጉርሼ አላውቅም» አሉ። «በግራ ማን ይጎርስልኛል ብዬ። ይሄ ሰውዬ ግን አላፈረም። ሚስቱም አፏን ከፍታለታለች።»

ኪዳነ አቀረቀረ። ምሳ ቀረበ፤ የጾም ሽሮ ነው። አቦይ ገብረ ጠቀለሉና ግራ እጃቸውን ወደኔ ዘረጉ። እጃቸው ይንቀጠቀጣል።

«ብላዕ፣ ወደይ» አሉኝ፤ ብላ ልጄ ማለታቸው ነው።

ጎረስሁ። እንባዬን መያዝ አቃተኝ።

«ይህ ሥዕል እዚሁ ቤት ይሰቀላል» አለ ኪዳነ። «ለትምህርት ቤቱ ዐሥሩን ሥራልኝ። አደራህን፣ በቀኝ!»

አቦይ ገብረ ሳቁ። «አንድ ጉርሻ ያጣላል» ብለው እንደገና ጠቀለሉልኝ። በሁለተኛው ጉርሻ ግን እጃቸው አልተንቀጠቀጠም።