ደረሰኝ የሌለው ኤሌክትሮድ

ቡራዩ ስንገባ ሰፈራችን ግማሹ ገና የጤፍ ማሳ ነበር። እኛ አዲስ አበባ መሀል የነበረችው የቀበሌ ቤታችን ለልማት ስትፈርስ የወጣን ነን። አባቴ በያጅ ነበር። ከሙያው ሌላ ያወረሰኝ ነገር ስላልነበረ እኔም በያጅ ሆንኩ። ባለቤቴ ጠዋት ጠዋት በሚኒባስ ተጋፍቶ ከተማ ሥራ ይሄዳል፤ እኔ አስፋልቱ ዳር በተከራየናት ቆርቆሮ ቤት የግቢ በርና የመስኮት ፍርግርግ እበይዳለሁ። በር ሊያሠራ የሚመጣ ሰው ብዙ ጊዜ እኔን አልፎ ወደ ውስጥ እያየ «ባለሙያው የለም እንዴ?» ይለኛል። ማስኬን ገልጬ «አለሁ፣ ምን ነበር?» እለዋለሁ።

እየቀለጠ ብረት የሚያያይዘው ኤሌክትሮድ፣ መቁረጫ ዲስክ፣ ማጠፊያ፣ ቀለም፣ ሁሉንም የምገዛው ከአንድ ሽማግሌ ሱቅ ነበር። ሰፈሩ ሁሉ «ኦቦ» ይላቸዋል፤ እኔም ኦቦ ነው የምላቸው። ነጋዴ ሆነው አልኖሩም። እኔ በር የምሠራላቸው አዳዲስ ቤቶች የቆሙበት መሬት የእሳቸውና የወንድሞቻቸው እርሻ ነበር። ካሳ ሲሰጣቸው ወንድሞቻቸው እዚህም እዚያም ሲሉ አለቀባቸው፤ እሳቸው ያቺን ጠባብ ሱቅ ከፈቱ። አንድ ቀን ሚስማር እየመዘኑልኝ «መሬቴ ላይ የሚመታውን ሚስማር የምሸጠው እኔው ነኝ» አሉኝ። ቀልድ መስሎኝ ልስቅ ስል ፊታቸው ላይ ምንም ሳቅ አልነበረም።

ጥሩ ሰው ነበሩ ብዬ ላሳምር አልፈልግም፤ አስቸጋሪ ነበሩ። ለቅሶ ካለ ሱቁን ዘግተው ይሄዳሉ፤ ለቅሶ ደግሞ ሁሌም አለ። በክረምት የኤሌክትሮዱን ፓኮ ይከፍቱና በጣታቸው ዳሰስ አድርገው «እርጥበት ገብቶታል፣ አልሸጥልሽም» ይሉኛል። ደንበኛ በር በሩን እያየ ይጠብቀኛል፣ እሳቸው አልሸጥም ይላሉ። ደረሰኝ ሲጽፉማ አይጣል ነው! ካርቦኑን አስተካክለው፣ መነጽራቸውን ፈልገው፣ አንዷን ፊደል ከሌላዋ እያራራቁ። «ይቅርብኝ ኦቦ፣ እኔ አልፈልገውም» ስላቸው «ያለ ወረቀት ዕቃ ከቤቴ አይወጣም» ይሉና ይቀጥላሉ። አዲሱን ዓይነት ማስክ፣ ብልጭታው ሲነሳ በራሱ የሚጨልመውን፣ እንዲያስመጡልኝ ስለምናቸው ከረምኩ። «አባትሽ በምን በየደ?» አሉኝ። አባቴ ዓይኑ ፈዞ እንደሞተ አልነገርኳቸውም።

ፌስቡክ ላይ የሚሸጠውን ሰው ያገኘልኝ ባለቤቴ ነው። ማስኩ በፎቶ አለ፣ ማሽኑ አለ፣ ኤሌክትሮዱ በካርቶን አለ። ዋጋ በኢንቦክስ ነው። ስጽፍለት ወዲያው መለሰ፣ ቀጥሎም ደወለ። ድምፁ ለስላሳ ነው፤ «እህቴ» ሳይል አንድ ዓረፍተ ነገር አይጨርስም። «እህቴ፣ ሴት በያጅ! ኮራሁብሽ እኮ» አለኝ። ማስኩ በማግስቱ በሚኒባስ ሹፌር እጅ መጣ። ጥሩ ዕቃ ነበር፤ እውነቱ መነገር አለበት። ከዚያ ኤሌክትሮዱንም ዲስኩንም ከእሱ መውሰድ ጀመርኩ። ይረክሳል፣ ቤቴ ድረስ ይመጣል፣ አይነጫነጭም።

አንድ ጠዋት ካርቶኑን ከሹፌሩ ተቀብዬ በኦቦ ሱቅ ፊት ለፊት ሳልፍ በራፋቸው ላይ ቆመው አገኘኋቸው። «አካም ቡልተን፣ ኦቦ» አልኩ፣ እንዴት አደሩ ለማለት። «ናጋ» አሉና ካርቶኑን አዩት። ወደ ውስጥ ዞረው መደርደሪያቸውን በጨርቅ መወልወል ጀመሩ። ከዚያን ቀን ወዲህ ሰላምታ ብቻ ሆንን።

ብዙም ሳይቆይ የማስተር ፕላኑ ወሬ ከወሬነት አለፈ። አዲስ አበባ ልትሰፋ ነው፣ ሰበታን፣ ቡራዩን፣ ሱሉልታን ልትውጥ ነው ተባለ። የሰፈሩ ልጆች ተቃውመው መንገድ ወጡ። አስፋልቱ ላይ ድንጋይ ተደረደረ፣ ጎማ ተቃጠለ፣ ተኩስ ሰማን። በየለቅሶው የሚቀመጠው የወጣት ፎቶ ሆነ። እኛ ከከተማ የመጣነውና የአገሬው ሰዎች ስንገናኝ ድምፃችንን ዝቅ ማድረግ ለመድን፤ ማን ምን እንደሚያስብ ማን ያውቃል? እነሱን ከእርሻቸው ያስነሳውና እኛን ከሰፈራችን ያባረረን ነገር አንድ እንደሆነ እኔ በልቤ አውቃለሁ፤ ግን በዚያ ሰሞን እንዲህ ያለ ወሬ የሚያወራ ሰው አልነበረም።

የእኔ ሥራ ግን በዛ። የእንጨት በር የነበረው በብረት ቀየረ፣ መስኮቱን ክፍት የተወው ፍርግርግ አሠራ። ሰው ሲፈራ እኔ ጋ ይመጣል። ቀኑን ሙሉ የሰው ፍርሃት ስበይድ ውዬ ቤቴ ስገባ ራሴን እጠላዋለሁ።

ከዚያ ከቤት ያለመውጣት አድማ ተጠራ። ሱቅ ሁሉ ተዘጋ፤ የኦቦም ተዘጋ። አምነውበት ይሁን ፈርተው አላውቅም። የከፈተ በልጆቹ ድንጋይ ይመታል፣ የዘጋ በመንግሥት ይታሸጋል፤ ምርጫው ይኼው ነበር። አድማው ሳያልቅ የወረዳ ሰዎች ከፖሊስ ጋር መጥተው የተዘጋውን ሱቅ ሁሉ ወረቀት እየለጠፉ አሸጉት። ኦቦን በጠራራ ፀሐይ ከግቢያቸው ወሰዷቸው። ባለቤታቸውን ላጽናና ስሄድ በር ላይ ቆመው አገኘኋቸው። «ለጥያቄ ነው፣ አሁን ይመለሳል ብለውኛል» አሉኝ። ነጠላቸውን አስረው መንገዱን ያያሉ። እሳቸው ጋ ስቆም፣ ከባላቸው ሱቅ መግዛት የተውኩት ሴት እንደሆንኩ እንደሚያውቁ ገባኝ።

ፌስቡክም ተዘጋ። ልጆቹ በቪፒኤን ይከፍቱታል፣ የእኔ ስልክ እንቢ አለ። ለሰውዬው ደወልኩለት።

«እህቴ፣ ቡራዩማ አሁን ዕቃ አልልክም» አለኝ። «ሹፌር ይፈራል። ነይና ራስሽ ውሰጂ።»

የያዝኩት ሥራ ስለነበረ ሄድኩ። አውቶቡስ ተራ ጀርባ መኪናው ውስጥ ተቀምጦ ጠበቀኝ። ፊቱን ያየሁት ያን ቀን ነው፤ ሽቶ ሽቶ የሚሸት፣ ፈገግታ የማይለየው ሰው። ካርቶኑን ራሱ አውርዶ አሸከመኝ። «እናንተ ሰፈር ተረጋጋ?» አለኝ። እኔም ድንገት ትዝ ብሎኝ «ደረሰኝ ትሰጠኛለህ?» አልኩት።

ሳቀብኝ። «በደረሰኝ ከፈለግሽማ ሱቅ ግቢያ እህቴ! እኔ ጋ የሚረክሰው ለምን ይመስልሻል?»

ስመለስ ቡራዩ መግቢያ ላይ ፍተሻ ነበር። ከሚኒባሱ ሁላችንንም አወረዱን። አንዱ ፖሊስ ካርቶኔን በሰደፍ ነካ ነካ አድርጎ «ክፈቺው» አለኝ። ከፈትኩት፤ ኤሌክትሮድና መቁረጫ ዲስክ።

«ምንድነው ይሄ ብረት?»

«ኤሌክትሮድ ነው። ለብየዳ።»

«የማነው?»

«የእኔ ነው። በያጅ ነኝ።»

እሱም ጓደኛውም ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝና ተያዩ። «ሴት ልጅ በያጅ!» አለ። እጅጌዬን ሰብስቤ ክንዴ ላይ እሳት የጠበሳቸውን ነጠብጣቦች አሳየሁት። «ይሄን ዘይትም ያደርገዋል» አለና ወደ ዲስኩ ተመለሰ። «ይሄ የመንገድ አጥር መቁረጫ አይደለም? ማን ላከሽ? ደረሰኝ አምጪ።»

ደረሰኝ የለኝም። ሚኒባሱ ሌሎቹን ጭኖ ሄደ። «የሸጠልኝን ሰው ልደውልለትና ይንገራችሁ» አልኩ። ፖሊሱ ስልኩን ተቀበለኝ፣ ድምፁን ከፈተውና ወደ አፌ አስጠጋው።

«ሄሎ እህቴ፣ ደረስሽ?» አለ።

«ፍተሻ ላይ ነኝ። ፖሊሶች ናቸው፣ ዕቃውን ከአንተ እንደገዛሁ ንገራቸውማ።»

መኪና ሲያልፍ ይሰማኛል። ከዚያ ያ ለስላሳ ድምፅ ወፈረ። «ማን ልበል?»

«እኔ ነኛ! አሁን አውቶቡስ ተራ የተገናኘነው!»

«ተሳስተሻል መሰለኝ እህቴ። አላውቅሽም» ብሎ ዘጋው። ደግመን ስንደውል ስልኩ ጠፍቷል። ፖሊሱ ስልኬን ኪሱ ከተተው። ያን ጊዜ ከፍርሃቱ በላይ ያቃጠለኝ ያቺ «እህቴ» ናት። ሲክደኝ እንኳ አልተዋትም።

ፖሊስ ጣቢያ ወሰዱኝ። ግቢው ውስጥ ወንዶች መሬት ላይ በረድፍ ተቀምጠዋል፤ አንዳንዱ ጫማ የለውም። ካርቶኔን ጠረጴዛ ላይ ዘርግፈው «ማን ላከሽ? ለማን ነው የምታቀብይው?» እያሉ ሲያፋጥጡኝ ከረድፉ መካከል አንድ ሰው ብድግ አለ። ጋቢያቸው አድፏል፣ ጢማቸው አድጓል፤ በድምፃቸው ነው የለየኋቸው።

«ይቺን ልጅ አውቃታለሁ» አሉ ኦቦ። «በያጅ ናት። የእኛን ሰፈር በር በሙሉ የሠራች እሷ ናት። ሌላ ነገር የላትም።»

ልጃቸው የሚሆን ፖሊስ ዞረና «አንተን ማን ጠየቀህ? ቁጭ በል!» አላቸው። ሰፈር ውስጥ የሚሰድባቸው ሰው እንኳ «አንቱ» ብሎ ነው የሚሰድባቸው። አልተቀመጡም። «እውነቱን ነው የምነግርህ፣ ኢልመኮ፣ ልጄ» ሲሉት ደረታቸውን ገፈተራቸው፤ ወደ ኋላ ከተቀመጡት ሰዎች ላይ ወደቁ። ሰዎቹ ደግፈው አስቀመጧቸው። ቀና ብለው አላዩኝም ከዚያ በኋላ።

የሚመረምረኝ ሰው እኔን ያየኛል። «ከየት ታውቂዋለሽ?»

«ደንበኛቸው ነበርኩ።»

«ነበርኩ? አሁንስ?»

«አሁን ከሌላ ነው የምገዛው» አልኩ። እሳቸው እየሰሙኝ።

ባለቤቴ ንግድ ፈቃዴን ይዞ እስኪመጣና ሰው በሰው ብሎ እስኪያስፈታኝ እዚያው ከታሰሩት ሴቶች ጋር ቆየሁ። ወጣሁ። ስልኬን መለሱልኝ፣ ካርቶኑን አልመለሱልኝም፤ አልጠየቅኩም። ስወጣ ግቢው ውስጥ በዓይኔ ፈለግኳቸው፤ ሌላ ቦታ ወስደዋቸው ነበር። የት እንደሆነ ለባለቤታቸው የሚነግር አልተገኘም። ምግብ ቋጥረው ከጣቢያ ጣቢያ ሲዞሩ ከረሙ። አንዳንድ ቀን እኔም አብሬያቸው ዞርኩ። ሰበታ ሄድን፣ የለም ተባልን።

የተፈቱት ነገሩ በረድ ካለ በኋላ ነው። ልጠይቃቸው ስኳርና ዳቦ ይዤ ሄድኩ። ግማሽ ሆነዋል። እግራቸውን ዘርግተው ደጃፍ ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ። ጫማቸው ስር ተንበርክኬ «ኦቦ፣ ያን ቀን ስለ እኔ መስክረው…» ብዬ ጀመርኩ፤ እንባዬ ቀደመኝ።

«ተነሺ» አሉኝ። «ዝም ብል ይሻለኝ ነበር።»

ተነስቼ አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

«ካንቺ በኋላ ሌላ ጥያቄ አልነበራቸውም። ብረት የምታመላልሰዋን ሴት ከየት ታውቃታለህ? ስንት ጊዜ ሸጥክላት? ማን ጋ ትወስደዋለች? በየቀኑ አንቺን ነው የሚጠይቁኝ።» እግራቸውን በእጃቸው አንስተው አመቻቹ። «እሷማ ከእኔ መግዛት ትታለች አልኳቸው። ምዬ፣ ተገዝቼ ነገርኳቸው። አላመኑኝም።»

ባለቤታቸው ሻይ አምጥተው አጠገቤ አስቀመጡ። እኔን አላዩኝም። «ሱቁን መቼ ይከፍቱታል?» አልኩ። እኔም ስናገረው አፈርኩ።

«አልከፍተውም» አሉ። «ዕቃውን ዝገት በላው። ሱሉልታ ልጄ ጋ እንሄዳለን።»

ሄዱ። የቤት ዕቃቸውን በአንዲት አይሱዙ ጭነው ጠዋት ሲወጡ የሰፈሩ ሰው ወጥቶ ሸኛቸው። እኔ ከሥራ ቤቴ በር ላይ ቆሜ አየሁ፤ መጠጋት አቃተኝ። ጋቢና ውስጥ ከሹፌሩ አጠገብ ተቀምጠዋል፣ በእኔ በኩል ሲያልፉ ፊት ለፊታቸውን ነው የሚያዩት። አይተውኝ ይሁን ሳያዩኝ አላውቅም።

ሱቃቸው አሁን ሞባይል መጠገኛ ሆኗል። ኤሌክትሮድ ስፈልግ ሥራ ዘግቼ ከተማ እወርዳለሁ፤ በዚያው ግማሽ ቀኔ ይሄዳል። ፌስቡክ በተከፈተ ሰሞን ሰውዬው ጻፈልኝ። «እህቴ ጠፋሽ፣ አዲስ ዕቃ ገብቷል።» ባለቤቴ ስደቢው አለኝ። ብዙ የስድብ ዓይነት ጻፍኩና አጠፋሁት። ሰውዬው ፎቶዎቹን መላኩን ቀጠለ፤ አንዳንዱን ከፍቼ አየዋለሁ።